ቶይባ በሬ ነው ካለች

መርሳ መናኸሪያ ፊት ለፊት፣ በጎማ ቤቱና በጫማ መሸጫው መሀል አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረች። በሯ ላይ «የኮምፒውተር ጥገና፣ ህትመትና ስልጠና» የሚል ወረቀት ተለጥፎባታል። ወረቀቱ ትሑት ነው። የሱቋ ባለቤት ቶይባ ግን ትሑት አልነበረችም፤ ነኝ ብላም አታውቅም። ሥራዋን ሲያመሰግኑላት «አውቃለሁ» ትላለች እንጂ አንገቷን አትደፋም። የሌላትን ጭምትነት እዚህ ላይ ማልበስ ውሸት ይሆናል። መርሳ ቶይባን የወደዳት ከነኩራቷ ነው።

ወልድያ ላይ አብሯት ኮምፒውተር የተማረ ወርቁ የሚባል የወልድያ ልጅ አለ። ከተመረቁ በኋላ ለትንንሽ ጤና ጣቢያዎችና ክሊኒኮች የሚሆን የታካሚ መከታተያ ፕሮግራም ጻፈ። የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የእርግዝና ክትትል ያለበት ሰው መቼ እንደመጣ፣ ምን መድኃኒት በምን መጠን እንደሚወስድ የሚይዝ ነው። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ ኔትወርክ ቢጠፋ ግድ የለውም፣ በነፃ የሚሰጥ ነው። ከመርሳ እስከ ደሴ ድረስ የሚጠቀሙበት ነበሩ። ወርቁ እጁ ፈጣን ነው፤ ችግሩ አፉ ከእጁ መቅደሙ ነው። ሥራው ገና ግማሽ ላይ እያለ «አለቀ!» ብሎ ይደውላል። የቶይባ ሥራ ይህን «አለቀ» ማስቆም ነበር።

አንድ ፕሮግራም ከነሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ተጠቅልሎ ፓኬጅ ሲሆን በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያዎቹ አይሄድም። መጀመሪያ የሙከራ ማኅደር ውስጥ ይገባል። የፈለገ ሰው ከዚያ አውርዶ ይሞክረዋል፤ ቢበላሽበት ግን በማንም ላይ መጮህ አይችልም። ሁለተኛው ማኅደር ተፈትነው የረጉት ፓኬጆች የሚቀመጡበት ነው። የጤና ጣቢያዎቹ ኮምፒውተሮች ከዚህ የመጣውን ሳይጠይቁ ይቀበላሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው የምታሻግረው ቶይባ ናት። በሚሻገረው ፓኬጅ ላይ ከእሷ ላፕቶፕ ብቻ የሚወጣ ዲጂታል ማኅተም ይመታበታል፤ ያ ማኅተም ከሌለ ኮምፒውተሮቹ አናውቅህም ይሉታል። የመጀመሪያውን ማኅደር «ወይፈን»፣ ሁለተኛውን «በሬ» ብላ የሰየመችው እሷው ናት።

ስሙን ያመጣችው ከአባቷ ቤት ነው። አባቷ ከግራና በላይ የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ። ወይፈን ሲገሩ ከሸመገለ በሬ ጋር ያጣምዱታል፤ ይህን ማንም ያደርገዋል። የእሳቸው ልዩ ነገር የመጀመሪያውን እርሻ ራሳቸው አለመጀመራቸው ነው። ወይፈኑን ለጎረቤት ይሰጡታል። «እኔማ ስለምወደው ሲያነክስ እንኳ የሚጨፍር ይመስለኛል» ይሉ ነበር እየሳቁ። ጎረቤት አርሶበት ማታ ሲመልሰው «በሬ ነው» ካላለ፣ እሳቸው በሬ አይሉትም።

ስለዚህ የቶይባም ሕግ ይኸው ነበር። የጻፈው ሰው ራሱ ሞክሮ «ደህና ነው» ቢል አይቆጠርለትም። ሌላ ሰው በእውነተኛ ሥራ ላይ ሠርቶበት መመስከር አለበት። ወርቁ በዚህ ሕግ ስንቴ ጨሷል!

«አንቺ ሰው አይደለሽም፣ ጉምሩክ ነሽ!» ይላታል።

«እንግዲያው ኮንትሮባንድ አታምጣ» ትለዋለች።

ተኮራርፈው ይሰነብቱና እሱ ራሱ ይደውላል። ይህን ሁሉ ዓመት በሬ ውስጥ ገብቶ «ተበላሸብን» ተብሎ የተመለሰ ፓኬጅ አልነበረም። የክሊኒክ ሠራተኞችም «ቶይባ በሬ ነው ካለች አለቀ» ማለት ለመዱ። ይህ ወሬ ጆሮዋ ሲገባ ፊቷ ይፈካል፤ እንዲህ ላለው ሰው ሁሉ የሻይ ሂሳብ ትከፍልለት ነበር።

በ2013 ክረምት ጦርነቱ ወደ ወሎ ገፋ። ከቆቦ በኩል የሚፈናቀለው ሰው በመርሳ አስፋልት ላይ ጎረፈ፤ ፍራሽ የተሸከመ፣ ፍየል የሚጎትት፣ ልጅ ያዘለ። ከመሀላቸው ብዙዎቹ በየቀኑ መድኃኒት የሚወስዱ ነበሩ። ካርዳቸው ግን የታከሙበት ቀርቷል። «ምንድን ነው የሚወስዱት?» ሲባሉ «ነጩን፣ ክቡን» ይላሉ። ነጭና ክብ ያልሆነ ኪኒን ደግሞ ከየት ይመጣል! ነርሶቹ ግራ ገባቸው።

ወርቁ ወልድያ ሆኖ ይህን ሰማ። ሰምቶም ዝም አላለም፤ ምስጋና ይገባዋል። የእያንዳንዱ ክሊኒክ የታካሚ መረጃ በፍላሽ ተገልብጦ ሌላ ክሊኒክ ውስጥ እንዲከፈት አድርጎ ፕሮግራሙን አሻሻለው። የግራና ሰው ደሴ ቢሰደድ፣ ደሴ ላይ መረጃው እንዲወጣለት ነው። ወዲያው ደወለላት።

«ወይፈን ውስጥ ከትቼዋለሁ። ዛሬውኑ በሬ አድርጊው።»

«ማን አረሰበት?»

«ኧረ ባክሽ ቶይባ! መድፍ እየተሰማ ማን ይረስልሽ? እኔ ሞክሬዋለሁ። ኔትወርኩ ዛሬ ነገ ይቋረጣል፤ ከተቋረጠ ሕግሽን ታቅፈሽ መቅረትሽ ነው። እናቴን ታውቂያታለሽ፣ የስኳር ሰው ናት። ነገ እሷም መንገድ ላይ ናት።»

ያለው ነገር ሁሉ እውነት ነበር። ብትዘገይና ኔትወርኩ ቢሄድ፣ ያ ሁሉ በሽተኛ ባዶ እጁን ይሰደዳል። ብትቸኩልና ፓኬጁ ስህተት ቢኖርበት ደግሞ፣ በእሷ ማኅተም፣ በእሷ ቃል ታምኖ የሰው መድኃኒት ለሌላ ሰው ይሰጣል። ፈራች። እስከዚያ ቀን ድረስ ቃሏ ክብሯ ብቻ ይመስላት ነበር። የሰው ነፍስ እንደተንጠለጠለበት ያን ጊዜ ገባት።

«አንድ ሰው ይሥራበት። ከዚያ አሻግረዋለሁ» አለችው። እሱም ሳይሰናበታት ዘጋው።

ባሏ ሙጃሂድ ከመርሳ ወልድያ በሚኒባስ የሚሠራ ሹፌር ነው። ሰሞኑን ትርፍ ጫንክ የሚለው ትራፊክም አልነበረም፤ የሚጭነው ተፈናቃይ ነበር። እሷ ደግሞ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛለች። በየቀኑ «ቶይቤ፣ እንውጣ» ይላታል፤ በየቀኑ «ኢንሻአላህ፣ ትንሽ ቆይ» ትለዋለች። ያን ቀን የወርቁን ፓኬጅ ፍላሽ ላይ ገልብጣ ሰጠችው።

«ግራና አድርስልኝ። ለአስካለ።»

«ሴትዮ፣ ሰው ወደ ደሴ እየሸሸ እኔን ወደ ግራና ትልኪኛለሽ?»

«አማና ነው።»

አማና፣ አደራ ከተባለ በኋላ ሙጃሂድ አይከራከርም። እያጉረመረመ ሄደ።

አስካለ ግራና ላይ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ ናት። በማግስቱ ረፋድ ላይ ፍላሹን ይዛ በባጃጅ መርሳ ደረሰች። ሱቋ ውስጥ ስትገባ እየሳቀች ነው ወይስ እያለቀሰች መለየት ያስቸግር ነበር።

«ቶይባ፣ በማርያም ጉድ ነው! ጋሽ አብዱልጀሊል አርግዘዋል!»

«ምን?»

«እርግዝናቸው ገፍቷል። ስኳርም አለባቸው። ደም ግፊትም፣ አስምም አለባቸው። የሰፈራቸው ሰው ሁሉ ደግሞ ጠፍቷል። ኮምፒውተሩ ውስጥ የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው!»

ቶይባ ፍላሹን ከፍታ ስክሪኑን አየችና ነገሩ ወዲያው ገባት። የገጠር ልጅ ናትና። ጋሽ አብዱልጀሊል ከግራና በላይ፣ አባቷ ሰፈር ያሉ ሽማግሌ ናቸው። በዚያ ሰፈር ኔትወርክ የሚገባው ከእሳቸው ቤት በላይ ያለው ጉብታ ላይ ብቻ ነው። ስልኩን ይዘው እዚያ የሚቀመጡትም እሳቸው ናቸው፤ ለሰፈሩ የተደወለውን ሁሉ ተቀብለው ቤት ለቤት ያደርሳሉ። ስለዚህ ማንም የዚያ ሰፈር ሰው ክሊኒክ ሄዶ «ስልክ ቁጥር?» ሲባል የእሳቸውን ይሰጣል። የራሱ ስልክ ያለው እንኳ የእሳቸውን ይሰጣል፤ የእሱ አይገባማ።

ወርቁ የከተማ ልጅ ነው። አንድ ስልክ አንድ ሰው መስሎታል። ከፍላሽ በሚገባ መረጃ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ሲያገኝ ያው ሰው ነው ብሎ አንድ እንዲያደርጋቸው ነበር ፕሮግራሙን ያዘዘው። ሰፈሩ በሙሉ ተጨፍልቆ አንድ እርጉዝ ሽማግሌ ሆነ።

አስካለ ሳቋን አቆመች። «ደሴ ላይ የማያውቃቸው ነርስ ይህን ቢያይ፣ የአንዷን ኢንሱሊን ለሌላዋ ይወጋ ነበር» አለች።

ቶይባ ደወለች። ወርቁ ሰማ። ያ ፈጣን አፉ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘገየ።

«ትናንት ብታሻግሪው ኖሮ…» አለና አልጨረሰውም።

«አላሻገርኩትም። አሁን አስተካክለው።»

«ወልድያ እየተለቀቀ ነው፣ ቶይባ። እናቴን ይዤ ልወጣ ነው።»

«ሙጃሂድ እየመጣልህ ነው። እመንገድ ላይ አስተካክለው።»

ሙጃሂድ ገና አልተነገረውም ነበር። ሲነገረውም ሚስቱን ለረጅም ጊዜ አያትና ቁልፉን አነሳ። ያ ጉዞ ወደ ወልድያ ያደረገው የመጨረሻው ጉዞ ሆነ። ሲመለስ ሚኒባሱ እስከ በሩ ሞልቷል። ወርቁ ከእናቱ ከእትዬ የሺ አጠገብ ተጨናንቆ፣ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እየጻፈ ነበር። መርሳ ሲደርስ ኔትወርኩም መብራቱም ሄዷል።

«አለቀ!» አለ ገና ከመኪናው ሳይወርድ።

ማስተካከያው ቀላል ነበር። ፕሮግራሙ ስልክ ሲመሳሰል በራሱ አንድ አያደርግም፤ ስማቸውንና የእናታቸውን ስም ደርድሮ «ከእነዚህ አንዱ ነው ወይስ ሌላ ሰው?» ብሎ ነርሷን ይጠይቃል።

«አስካለ ትሥራበት» አለች ቶይባ።

ሙጃሂድ ሞተሩን አላጠፋም ነበር። «ቶይቤ፣ ተስተካከለ አይደል እንዴ! ወላሂ ተኩሱ ሐራ ደርሷል እያሉ ነው።»

«የተስተካከለ ወይፈንም ወይፈን ነው።»

ወርቁን ሁሉም አዩት። እሱ ነበር ይህን ሕግ ለዓመታት የረገመው፤ እናቱ መኪናው ውስጥ ተቀምጣለች። «ትሥራበት» አለ። «እኔ የጻፍኩትን እኔ አልመሰክርም።»

የቶይባ ላፕቶፕ ባትሪ ሊሞት ደርሶ ስለነበር ከሚኒባሱ ባትሪ ሽቦ ተሳበ። አስካለ የሱቁ ደረጃ ላይ ተቀምጣ የግራናንና የመርሳን የታካሚ መረጃ የያዙ ፍላሾች አንድ ላይ ከፈተች። ይህ ሁሉ ሲሆን ጋሽ አብዱልጀሊል ራሳቸው ከሰፈራቸው ሰዎች ጋር ወርደው መናኸሪያው ላይ መኪና ሲጠብቁ ነበር። ስልካቸውን በፌስታል ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። የስማቸውን መጠራት ሲሰሙ ቀረቡ።

ፕሮግራሙ ጠየቀ፤ አስካለ መለሰች። እንደገና ጠየቀ፤ እንደገና መለሰች። የጠፋው ሰፈር ስም በስም ተመለሰ። ኢንሱሊኑ ወደ ባለቤቱ፣ የግፊቱ ኪኒን ወደ ባለቤቱ፣ እርግዝናውም ወደ ነፍሰ ጡሯ ሄደ። ጋሽ አብዱልጀሊል ጉልበት ከማመም በቀር ምንም የሌለባቸው ጤነኛ ሽማግሌ ሆነው ቀሩ። አስካለ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ጋሽ አብዱልጀሊል፣ እንኳን ማርያም ማረችዎ!»

ነገሩን ቀድመው ሰምተው ነበርና ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ። «አልሀምዱሊላህ፤ ሴት ነው ወንድ?» አሉ። መድፉ እየተሰማ፣ መናኸሪያው ሁሉ ሲራኮት፣ እዚያች ደረጃ ላይ ሰዎች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሙጃሂድ እንኳ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ።

«እህስ?» አለቻት ቶይባ።

«በሬ ነው» አለች አስካለ።

ቶይባ ማኅተሙን መታች። ማኅደሮቹ ያሉበት ሰርቨር አዲስ አበባ ነው፣ ኔትወርክ የለም፤ ስለዚህ ፓኬጁ በሰው እጅ መሄድ ነበረበት። ሱቋ ውስጥ የነበረውን ፍላሽ ሁሉ ሰብስባ ፓኬጁን ገለበጠችበት። ከዚያ መናኸሪያው ውስጥ ገብታ ወደ ውጫሌ፣ ወደ ሐይቅ፣ ወደ ደሴ ለሚነዱት ሹፌሮች አንድ አንድ እየሰጠች ዞረች። እርግዝናዋ ገና ባይገፋም ደክሟታል፤ ሰው ይገፋታል። ለሁሉም የተናገረችው አንድ ነው።

«አማና ነው። ያገኛችሁት ጤና ጣቢያ ስጡልኝ። ቶይባ በሬ ነው ብላለች በሉ።»

አንዱ ሹፌር «ምኑ ነው በሬው?» ብሎ ጠየቃት። «አንተ በል ብቻ፣ እነሱ ያውቁታል» አለችው። ከዚያ የሱቋን በር ቆልፋ ሚኒባሱ ውስጥ ገባች። ጋሽ አብዱልጀሊልን ከጎኗ አስቀመጡላት።

መንገዱ ረጅም ነበር። ውርጌሳ ላይ ሰዉ ተተራምሶ ሲጋፋ ስልኳ ከእጇ ወድቆ በእግር ብዛት ጠፋ። ለስልኩ አላዘነችም። ያስጨነቃት ሌላ ነበር፤ ፍላሾቹ ደርሰው ይሆን? ሹፌሮቹ ያን ቃል አስታውሰው ይሆን? የት ደርሶ፣ ማን እጅ ገብቶ? የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። ደሴ ሲገቡ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ አረፉ። ክፍሎቹ በተፈናቃይ ተሞልተዋል፣ ዴስኮቹ ውጪ ዝናብ ይመታቸዋል። ወርቁና አስካለ ይዘዋቸው የመጡትን የታካሚ ፍላሾች ለጤና ቡድኑ አስረከቡ። ከዚያ በኋላ ቶይባ ወገቧን አመማትና ለብዙ ቀን ከፍራሽ አልተነሳችም።

መስከረም ጠባ። ሙጃሂድ «ዛሬስ ትታያለሽ» ብሎ አስነሳትና ትምህርት ቤቱ ቢሮ ውስጥ ወደተከፈተው ክሊኒክ ወሰዳት። ወረፋው እስከ ባንዲራ መስቀያው ይደርሳል። ጋሽ አብዱልጀሊልም ጉልበታቸውን ለማሳየት ከኋላዋ ቆሙ። ወደ ውስጥ ሲጠጉ አሮጌ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠች ወጣት ነርስ አየች። ስክሪኑ ላይ ያለውን ለማወቅ መቅረብ አላስፈለጋትም።

ከፊቷ ያሉት እትዬ የሺ፣ የወርቁ እናት ነበሩ። ነርሷ ስማቸውንና የእናታቸውን ስም ጠየቀቻቸው፣ ጫን ጫን አደረገችና «ኢንሱሊንዎ ይኸው፤ ጠዋትና ማታ መጠኑ ይለያያል አይደል?» አለቻቸው። «እንዴት አወቅሽ የኔ ልጅ?» አሉ እትዬ የሺ።

ከጎን የቆመ፣ በበጎ ፈቃድ ከአዲስ አበባ የመጣ ሐኪም ግን ፊቱን ቋጠረ። «ይህን ፕሮግራም ማን ነው ያጣራው? በስክሪን አምኜ ኢንሱሊን አላዝም» አላት። ልክ ነው፤ ቶይባም በእሱ ቦታ ብትሆን ይህንኑ ትጠይቅ ነበር።

ነርሷ አንገቷን ሳታዞር መለሰችለት። «አይዞዎት ዶክተር። መርሳ እትዬ ቶይባ የሚባሉ ትልቅ ሰው አሉ። እሳቸው በሬ ነው ብለውታል። እሳቸው በሬ ካሉ አለቀ።»

«በሬ ማለት?»

«እኔም ሳውቀው እንዲህ ነው። ፍላሹን ያመጣው ሹፌርም እንዲሁ ብሎ ነው የሰጠን።»

ሙጃሂድ ሚስቱን በክርኑ ጎሰማት። ቶይባ ዓይኗን ከነርሷ ላይ አላነሳችም። ሱቋን ቆልፋ ትታ መጥታለች፤ መርሳ ምን እንደሆነች አታውቅም። ቃሏ ግን ቀድሟት ደሴ ገብቶ፣ ሽማግሌ ሆኖ፣ አንቱ ተብሎ ሰው ያክማል። ኩራት ተሰማት፣ እንባዋም መጣ፤ አንዱንም አልደበቀችም።

ተራዋ ደረሰ።

«ስም?»

«ቶይባ።»

ነርሷ ጻፈች። «ከየት?»

«ከመርሳ።»

ጣቶቿ ትንሽ ቆም አሉ፤ ከዚያ ቀጠሉ። መርሳ ላይ ቶይባ የሚባል ሰው ብዙ ነው። «ስልክ ቁጥር?»

ቶይባ ስልክ እንደሌላት ትዝ አላት። ዞር ብላ ከኋላዋ የቆሙትን አየች። «ጋሽ አብዱልጀሊል፣ ቁጥርዎን ይንገሩልኝ እስቲ።»

ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ቁጥራቸውን በአንድ ትንፋሽ ተናገሩ። ስክሪኑ ላይ ያ የጉብታው ሰፈር ተዘረገፈ፤ እያንዳንዱ ሰው በየራሱ ስም፣ በየራሱ እናት፣ በየራሱ መድኃኒት። ከሥር ጥያቄው መጣ፤ «ከእነዚህ አንዱ ነው ወይስ ሌላ ሰው?»

ነርሷ ስክሪኑን አየች፣ ሽማግሌውን አየች፣ ቶይባን ደግሞ ለረጅም ጊዜ አየቻት። «ይቅርታ… እትዬ ቶይባ እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«መጀመሪያ የጠየቀሽን መልሺለት» አለች ቶይባ።

ልጅቷ «ሌላ ሰው» የሚለውን ተጫነች። የቶይባ ስም ከሰፈሩ ሰዎች ግርጌ ለብቻው ተመዘገበ። ቶይባ አንዴ አነበበችውና ቀና አለች።

«አዎ» አለች። «እኔ ነኝ።»